የእኔ ያልኩት ደላላ

ውሻው እኔን ሊበላኝ ሰንሰለቱን እየጎተተ ሲጮህ፣ ለደላላዬ ግን ጭራውን ይቆላለት ነበር። ደላላዬ ልገዛው የመጣሁትን ይህን የቃላሚኖ ሰፈር ቤት «እኔም እንደ እርስዎ ዛሬ ገና ማየቴ ነው» ብሎኛል። ውሻው መቼም ሰው ቶሎ የሚወድ ይሆናል፤ ያልጣምኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ገባሁ። ወርቄን ሸጬ ያጠራቀምኩት ቀብድ እዚያ ውስጥ ነው፤ እሱ ከሄደ ልጆቼን ይዤ የምገባበት የለኝም።

ደላላዬ እስከዚያ ቀን ድረስ «አደይ፣ እኔ የእርስዎ ሰው ነኝ» ሲለኝ ነው የሰነበተው። እናቴ መባል ደስ ይላል። እኔም እንደ እናት የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩለት፤ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ያለችው አከራዬ ልቀቂ እንዳለችኝም፣ ጨክኜ እስከ ስንት መክፈል እንደምችልም።

የቤቱ ባለቤት ወንበር ሰጠኝና ገና ሳልደላደል፣ «አከራይሽ ውጪ አለችሽ አሉ። አይዞሽ፣ ዛሬ ቀብድ ከከፈልሽ ቶሎ ትገቢያለሽ» አለኝ። የጠራው ዋጋም እኔ ለደላላዬ በምስጢር ከነገርኩት የመጨረሻ ዋጋ ጋር አንድ ሆነ። ምን ያለ ዐዋቂ ሰው ነው እባካችሁ።

ወደ ደላላዬ ዞርኩ። «አንተ፣ የማን ነህ?»

«የሁለታችሁም ነኝ፣ አደይ። ከሁለታችሁም ኮሚሽን እቀበላለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው።»

«ታዲያ ዋጋ ስትከራከርልኝ የከረምከው ከራስህ ጋር ነው?»

ባለቤቱ ሳቀ። ደላላዬ አልሳቀም፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈና፣ «ሌላ ገዢ ነው፤ ቶሎ ይወስኑ» አለኝ። ስልኩ ሲጠራ አልሰማሁም። ሌላው ገዢ ሰው መረበሽ የማይወድ ጨዋ ነው እንግዲህ።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቤት ካርታ እንዳለው ግን ዐውቃለሁ። «ካርታውን ልየው» አልኩ።

«ባንክ ነው ያለው» አለኝ ባለቤቱ።

እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሰው ነው ብዬ ልመርቀው ነበር። «መቼ ይወጣል?» አልኩት።

«ብድሩ ተከፍሎ ሲያልቅ።»

«ማነው የሚከፍለው?»

ሁለቱም ቦርሳዬን አዩ።

በሩን ቢዘጉብኝስ? «ትልቋን ልጄን ሳላማክር አይሆንም፤ ደጅ ወጥቼ ልደውልላት» ብዬ ተነሣሁ።

ደላላዬ ተከተለኝ። «ቦርሳው ይከብድዎታል፤ እዚህ ይተዉት፣ አደይ።»

እንዲህ የሚያዝንልኝ ልጅ ወልጄ አላውቅም። ቦርሳዬን እንዳቀፍኩ ወጣሁ፤ ባጃጅ አገኘሁ፣ ዘልዬ ገባሁ፤ ሮማናት አደባባይ እስክደርስ ወደ ኋላ አላየሁም። ወርጄ ፊት ለፊት ያገኘሁት ባንክ ገባሁና ብሩን በስሜ አስቀመጥኩ። ስልኬ ደጋግሞ ጠራ፤ «አደይ» ናፍቃው ነው። አላነሣሁም።

ቤት አሁንም እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ግን እኔ ብቻ የምከፍለውን፣ ከሻጭ ሳንቲም የማይቀበለውን ጠበቃ ይዤ ነው የምሄደው። አከራዬን ለመንኳት፤ ትንሽ ጊዜ ጨመረችልኝ። ብሬ አለ፣ ልጆቼ አጠገቤ ናቸው። ተርፌያለሁ።