ፋራው ሸክላ

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሸክላውን ያገኘሁት ፒያሳ፣ ከአገር የሚወጡ ፈረንጆች የሸጡትን ዕቃ ከሚቸረችር ሱቅ ነው። ሽፋኑ ላይ ጊታር ያነገቡ አምስት ወጣቶች ቆመዋል፤ ቤልቦተማቸው መሬት ይጠርጋል። ጽሑፉን ማን አንብቦት! ሮክ ነው ብዬ ወደ አፍንጮ በር፣ ወደ ቤታችን በረርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ጓደኞቼን ጠራሁ። አባቴ ለቅሶ ሄዷል፣ እናቴ ጓዳ ሽንኩርት ትልጣለች። መርፌውን አሳረፍኩ። ትከሻችንን አዘጋጅተን ስንጠብቅ የሕፃናት መዝሙር የመሰለ ዝማሬ ከነጭብጨባው መጣ። «ጂሰስ» የሚለውን ሁላችንም ሰማን።

«አንተ፣ ይሄ እኮ የጴንጤ ነው!» አለ አንዱ።

ሌላው ሽፋኑን አንስቶ «ይሄን ሱሪ ለብሰው? ፋራዎች!» ሲል በሳቅ ፈነዳን። ያም ሆኖ አንዳችን ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ። ያን ጊዜ ጴንጤነት ያሳስር ነበር፤ አንዲት ጎረቤታችን ከጸሎት ላይ ተይዛ ወራት ታስራ ነበር።

ሳቃችን ሲበርድ ከጓዳ ድምፅ ሰማን። እናቴ ናት። ያንኑ ዜማ በአማርኛ ትዘምራለች፣ አንድም ቦታ ሳትስት። እሑድ ከሥላሴ የማትቀረው እናቴ! ጓደኞቼን አስከትዬ ሄጄ መጋረጃውን ስገልጥ ዓይኗን ጨፍናለች። ስትገልጠው አራታችንንም አየችን፤ ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

ጓደኞቼ «ደህና ይዋሉ» ብለው ውልቅ አሉ። እኔ ቢላዋውን አነሳሁላት።

«እማዬ፣ ከየት አወቅሽው?»

«ማክሰኞ ማክሰኞ የምሄደው እህቴ ጋ አይደለም። አራት ሆነን እንጸልያለን» አለች። «ድምፃችን እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነው የምንዘምረው። እንዲህ ጮክ ተብሎ ሲዘመር ሰምቼ አላውቅም፣ ልጄ። ራሴን ረሳሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ አራተኛ ክፍል ሳለህ።»

ያን ሁሉ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረን አላወቅኋትም። ለሳምንታት መኪና ደጃችን በቆመ ቁጥር ሊወስዷት መጡ ብዬ በመስኮት አጮልቅ ነበር፤ ከጓደኞቼ ግን አንዱም ትንፍሽ አላለ።

ለአባቴ የነገረችው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ሁለት ወር አኮረፋት። ከዚያ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ሲያይል፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ እስከ ጸሎት ቤቷ ደጃፍ ሸኛት። እሱ አልገባም።