«ይመለስ!» ያልነው ጥፊ

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ዝናብ ወረደና ጆንያ የተከመረበት በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። የእርጥብ ጆንያ ሽታ የታወቀ ነው፤ አቧራና ገመድ፣ ትንሽም ሻጋታ። ሌላውን ሰው እህል ወይም ከሰል ያስታውሰው ይሆናል። እኔን ግን ሲኒማ አስታወሰኝ።

የእኛ ሲኒማ ከሰፈራችን ባለሱቅ ግቢ ጓሮ ያለች አንዲት የጭቃ ክፍል ነበረች። ብርሃን እንዳይገባ መስኮቷ ላይ ጆንያ ተቸንክሮ ነበር፤ ክረምት ላይ ይረጥብና ቤቱ ይታፈናል። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ባለቪዲዮው እግሩን አጣምሮ ይቀመጣል፤ ማጫወቻውን መንካት የሚፈቀደው ለእሱ ብቻ ነው። የምናየው የህንድ ፊልም ነበር። ቋንቋውን ማናችንም አናውቅም፤ ማን ማንን እንደሚወድ ለማወቅ ደግሞ ቋንቋ የሚያስፈልግ አይመስለንም ነበር።

ያን ጊዜ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ታየች ከተባለ ስሟ ይጠፋል። እኔ የምገባው የባለሱቁ ልጅ ጓደኛዬ ስለነበረች ነው። ክፍሏን ያከራየው አባቷ ስለሆነ በጓሮ በር ገብተን ፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ ከባለቪዲዮው ሚስት ጎን እንቀመጣለን። አሥራ አምስት ዓመታችን ነበር። እሷ ዝምተኛ ናት፤ እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም።

ያን ሰሞን አንድ ፊልም በየእሁዱ ይታይ ነበር። ልጁ ልጅቷን ያያል፣ ይከተላታል። እንቢ ትለዋለች፣ ይከተላታል። ደብዳቤውን ትቀድበታለች፣ እየዘፈነ ይከተላታል። በመጨረሻ ትሰድበዋለች፤ እሱም በጥፊ ያጮላታል። ጉንጯን ይዛ ትንሽ ካየችው በኋላ ደረቱ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። እዚህ ላይ ቤቱ በፉጨት ይናወጣል። «ይመለስ! ይመለስ!» ይባላል፤ ባለቪዲዮውም ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኖ ጥፊውን ይደግምልናል። ሌላ ሰፈር እንዲህ ያደርጉ እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ጋ ግን ልማድ ነበር። አንድ እሁድ ልጅቷ አራት ጊዜ ተመታች። የእኔ ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ከሚጮኹት ሁሉ ተለይቶ ይሰማ ነበር።

በአራተኛው ላይ ጓደኛዬ ተነስታ ቴሌቪዥኑን ጋርዳ ቆመች።

«ምኑ ነው የሚያስቀው? እንቢ ብላዋለች እኮ!»

«ኧረ ቁጭ በይ፣ አታካብጂ! ፊልም ነው!» አሏት ከኋላ።

እኔ ቀሚሷን ጎተትኩ፤ በእሷ አፍሬ ነበር። በጓሮ በር ወጥታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት አልገባችም። እኔ ፊልሙን ጨርሼ ወጣሁ።

ነገሩ ለእሷ ፊልም ብቻ እንዳልነበረ መረዳት ነበረብኝ። ጎሚስታ ቤት የሚሠራ አንድ ጎረምሳ ከትምህርት ቤት በር ጀምሮ ይከተላት ነበር። ቁመናው ያማረ ነው፤ ፀጉሩንም እንደ አክተሩ ወደ ኋላ ያበጥራል። የሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ ዞር ብሎ እንዲያያት ስትመኝ፣ እሷ እሱን ሽሽት መንገድ ቀየረች። አስፋልቱን ትታ በቁስቋም በኩል፣ በባሕር ዛፉ ውስጥ ዞራ መውረድ ጀመረች። ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው።

በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ የልጅቷ ጓደኛ ያላት ሥራ አንድ ነው። ታስቃለች፣ ትጠቅሳለች፣ ልጁን ልጅቷ ጋ ታደርሳለች። እኔም መስታወት አይቼ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆንኩ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ጎረምሳው አስቁሞኝ «የት ጠፋችብኝ?» ሲለኝ ጠቀስኩትና መንገዷን ነገርኩት። ደስ እያለኝ ነው የነገርኩት።

በማግስቱ ባሕር ዛፉ ውስጥ ጠበቃት። እጇን ያዘ። እንቢ አለችው፣ መታት። ደብተሮቿ ጭቃው ላይ ተበተኑ። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ደርሰው «በሕግ አምላክ!» ብለው ባይጮሁ ምን ይከተል እንደነበር አላውቅም። እሱ ሮጦ አመለጠ።

ወሬውን ሰምቼ ልጠይቃት ሄድኩ። ጉንጯ አብጧል።

«በዚያ እንደምሄድ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። እኔ ደግሞ ከፊልሙ የተማርኩትን መልስ ሰጠኋት።

«ስለሚወድሽ እኮ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ አላናገረችኝም። በሳምንቱ አባቷ ሀገር ቤት፣ አያቷ ጋ ላካት። የመታት ልጅ ሰፈር ውስጥ ቀረ፤ የሄደችው እሷ ናት። ትምህርቷን ትቀጥል ታቋርጥ የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኩም።

ገበያ ዝናብ ከያዘኝ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላትን ልጄን ቁጭ አድርጌ ያንን ፊልም አሳየኋት። አሁን ሁሉም ስልክ ላይ አለ። ዘፈኑን ስሚ፣ አክተሩን እይ እያልኩ ሳሞጋግስ ቆይቼ ጥፊው ላይ ስንደርስ ስልኩን ገለበጠችው።

«እማዬ፣ ይሄ ፍቅር ነው? ወንጀል እኮ ነው!»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ተከራከርኳት። «የድሮ ነገር በዛሬ ዓይን አይዳኝም፤ ያኔ ክፉ ነው ብሎ የሚያስብ አልነበረም» አልኳት።

«ማንም?»

«ማንም።»

ዋሸኋት። በዘመኑ ለማሳበብ ያቺን ልጅ ከዘመኑ ውስጥ ማውጣት ነበረብኝ። ፊልሙን እንደሆነ ዛሬም እወደዋለሁ፤ ዘፈኑ ሲጀምር ልቤ ይዘላል፣ አልክድም። ግን በእኛው ዘመን፣ በእኛው አግዳሚ ላይ አንዲት ልጅ ተነስታ ፈርዳ ነበር። ይህን ለልጄ አለመንገሬ ከሁሉ በላይ ያሳፍረኛል።

ገበያ የያዘኝ ዝናብ ሲያባራ እግሬ ወደ ባለሱቁ ሱቅ ወሰደኝ። አሁን የያዘው ያኔ ጡት ያልጣለው የጓደኛዬ ወንድም ነው፤ አያውቀኝም። ስኳር ሲመዝንልኝ እንደ ዋዛ «እህትህ እንዴት ናት?» አልኩት።

ፊቱ በራ። «ያውቋታል እንዴ? አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት። አራት ወልዳለች። አሁንማ ለልጆቿ ስደውል ነበር።»

«ሰላም በልልኝ።»

«እሺ፣ ማን ልበላት፣ እትዬ?»

ስሜን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ስሜን ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚሆን አሰብኩ።

«ግድ የለህም፣ ተወው» አልኩት።