ከዋሻ የወጣው ኦሪትና የእኔ ሰርግ

ሰርጌን ሊያፈርስብኝ የነበረውን መጽሐፍ ያገኘው ራሱ ሙሽራው ነው። ይኼን ሳስብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ያስቀኛልም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጋይንት ውስጥ ጥቂት የቤተ እስራኤል ቤቶች ነበርን፤ ሴቶቹ ሸክላ እንሠራለን፣ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ። አርብ ገበያ ማሰሮና ገንቦ ሸጠን የምንመለሰው ሰንበት ሳይገባ ለመድረስ በሩጫ ነበር። እጮኛዬ ቀጥቃጭ ነው። ለከሰል የሚሆን እንጨት ፍለጋ ገደል ወርዶ፣ አንድ ዋሻ ውስጥ በቆዳ የተጠቀለለ ብራና አገኘ። ኦሪት ነበር፤ አባቶች በክፉ ቀን ሸሽገውት የጠፋ፣ ቄሳችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲፈልጉት የኖሩት። ሲቀበሉት አለቀሱ።

ጣጣው የመጣው ከመጨረሻው ቅጠል ነው። የአባቶች የዘር ቆጠራ ተጽፎበታል። በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፣ እስከ ሰባተኛው አያት የሚገናኙ አይጋቡም፤ ሽማግሌዎቹም ቆጥረው፣ እኔና እጮኛዬ የምንገናኘው በስምንተኛው አያት ስለሆነ ተጋቡ ብለውን ነበር። መጽሐፉ ግን በእኔ ወገን አባትና ልጅ የሚባሉትን ሁለት ሰዎች ወንድማማች አድርጎ ጽፏቸዋል። አንድ ትውልድ ጎደለ፤ በሰባተኛው ዘመዳሞች ሆነን ቁጭ አልን።

ጠላው ተጠምቋል፤ ቀሚሴ ተሰፍቷል። እጮኛዬን፣ ከሰል ፍለጋ ሄደህ መርዶ ይዘህ ትመጣለህ ወይ ብዬ ወረድኩበት። አንገቱን ሲደፋ ደግሞ አንጀቴን በላው። እወደው ነበር። ከተከለከልን ሌላ ወንድ እንደማላገባ ለእናቴ ቁርጡን ነገርኳት፤ እሷም እንደማደርገው ታውቃለች።

መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ብራና አይዋሽም ይላል፤ ግማሹ የሽማግሌዎቹ ቆጠራ ይበልጣል ይላል። ቄሱ ከማንም ጋር አልተከራከሩም፤ የሁላችንንም ትውልድ በቃላቸው የሚያውቁ፣ የመጽሐፉ ወሬ ያልደረሳቸው አንዲት ባልቴት ከስማዳ በበቅሎ አስመጡ። ጸሎት ቤቱ ደጅ አስቀምጠው ይቁጠሩልን አሏቸው። ባልቴቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። እኔ ጣቴን እያጠፍኩ እከተላለሁ። እነዚያ ሁለቱ ሰዎች ዘንድ ሲደርሱ ጣቴን ሳላጥፍ ጠበቅሁ። አባትና ልጅ ብለው፣ ሳያመነቱ አለፉ።

ቄሱ መጽሐፉን ሳሙትና ተነሡ።

"ይኼ ኦሪት ክቡር ነው፤ በሰንበት እናነብበታለን። ይህችን ቅጠል ግን ማን እንደጻፋት፣ ማን አይቶ እንዳረማት የሚመሰክር የለም። መጽሐፉ ዋሻ በተቀመጠበት ዘመን ሁሉ ትውልድ የሚቆጥሩ ሰዎቻችን በየጋብቻው ቆጥረዋል፤ አንዱ ሲስት ሌላው አቅንቶታል። እኛ የምንፈርደው ባልተቋረጠው ነው። ሰርጉ ይደረግ።"

ተደረገ። እልል ስል ሙሽራ አፏን ትይዛለች ብለው ተቆጡኝ፤ ማን ሰምቷቸው!

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ግን ጥርጣሬ ገባኝ። ያውም እኔን! ለሰው አልተናገርኩም። አንድ ቀን ማሰሮ ላደርስላቸው ሄጄ ቄሱን ብቻቸውን አገኘኋቸው፤ ያው መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል፣ የተገለጠውም የመጨረሻው ቅጠል ነው።

"አባ፣ መጽሐፉ ልክ ቢሆንስ?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። እሳቸውም ይህንኑ ሲጠይቁ እንደከረሙ ከፊታቸው አወቅሁ።

"ልክ ከሆነ ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ የፈረድኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። "አንቺ ልጅሽን ውለጂ።"