የዛፍ ቅቤ፦ ጾም ነው ፍስክ?

ቴፒ ላይ የኮስሞቲክስ ሱቅ ነበረኝ። የሰው ልጅ ምን ያህል ሞኝ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም፤ አንድ ዓመት ቅባት መሸጥ ይበቃል። የምትገባው ሁሉ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ያቀላል?» እኔም ሳላፍር «በሳምንት!» እላለሁ። ማድያት ያጠፋል? ያጠፋል። ብጉርስ? እሱማ ምን ችግር አለው! በወሩ ፊታቸው ተልጦ ሲመለሱ ደግሞ «አቀባቡን አላወቅሽበትም» ብዬ ሌላ ቅባት እሸጥላቸዋለሁ። አመስግነውኝ ይሄዳሉ።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ ሱቁ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ትሰማለች። አንዳንዴ «ኧረ እግዜርን ፍሪ» ትለኛለች። «ንግድ ነው እማዬ» እላታለሁ።

ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ለቃሚ ነበረች። መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተደርድራ፣ ከደረቀው ቡና የተሰበረውንና የጠቆረውን ስትለይ ነው የኖረችው። አንድ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ መዳፏና የጣቶቿ መገጣጠሚያ ተሰነጣጥቆ መድማት ጀመረ። ሥራው ቢቀርባት አልገደዳትም፤ የጨነቃት ስቅለት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የስቅለት ስግደት ተጓድሎባት አያውቅም። «በዚህ እጄ መሬት እንዴት ልንካ?» እያለች መዳፏን ታገላብጣለች።

እኔ ማን ነኝ? ባለ ኮስሞቲክስ! ከመደርደሪያዬ ውዱን ሎሽን አወረድኩላት። ሽታው መንደር ያውዳል። ገና ስትቀባው ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ አቃጠላት። «ማቃጠሉ መሥራቱ ነው» አልኳት። ይህችም ለደንበኞቼ የምላት ነበረች።

ገበያው ውስጥ ከጋምቤላ በኩል የምትመጣ አንዲት ሴት በቅል ቅቤ ትሸጥ ነበር፤ ነጣ ብሎ ቢጫ የሚል፣ ጭስ ጭስ የሚሸት። አንዴ እንድረከባት ብላ ሱቄ ድረስ ይዛው መጥታለች። አማርኛዋ ጥቂት ስለሆነ በምልክት ጭምር ነው ያስረዳችኝ። ልሙጥ ቡናማ ፍሬ አውጥታ ሰበረችና ውስጡን አሳየችኝ፤ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል። ከዚያ እጄን ይዛ ትንሽ ቀባችኝ። ወዲያው ቀለጠ፤ ሳያቃጥል፣ ሳያጣብቅ ገባ። እስከ ማታ እጄ ለስልሶ ዋለ። ታዲያ ምን አልኳት? «ዛፍ ታልቦ ያውቃል እንዴ?» ብዬ ሳቅኩባት። በቅል የመጣ ነገር ከኔ ባለ ወርቅ ክዳን ዕቃ አጠገብ ሊቀመጥ! ትዕቢቴን ሳስበው ዛሬም ራሴን እንቃለሁ።

ሆሳዕና ሲቃረብ ከእናቴ ጋር ገበያ ወጣንና እናቴ ከዚህችው ሴት ፊት ቆመች። «ልጄ፣ ይሄ ጾም ነው ፍስክ?»

ሴትየዋ ጥያቄው አልገባትም። «ቅቤ ነው» አለች ፈገግ ብላ። «የዛፍ ቅቤ። ለእጅ ጥሩ።» ሌላ ስም ያስተማራት የለም።

እናቴ እጇን ሰበሰበች። በሁዳዴ ቅቤ እንኳን ልትበላ ፀጉሯንም አትቀባም። ግን ልቧ አልቆረጠምና ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ቅባት ነጋዴ ነሽ፤ እውነት ከዛፍ ነው?»

አውቅ ነበር። ፍሬውን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ግን እናቴ በቅል ቅቤ ብትድን ጎረቤት ነጋዴ ምን ይለኛል? የገዛ እናቷን ያላዳነ ሎሽን ትሸጣለች ሊሉኝ! «ዛፍ ምን ቅቤ አለው? የላም ነው» አልኳት። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ።

የስቅለት ዕለት እናቴ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ጥቂት እንደሰገደች ጨርቁ በደም ራሰ። ቀሪውን ቀን ግንብ ሥር ተቀምጣ፣ ሰው ሲወድቅ ሲነሳ እያየች አለቀሰች። ፋሲካ በዋለ ማግስት ሄዳ ያንን ቅቤ ገዛች፤ ፍስክ ነዋ! በሁለት ሳምንት ስንጥቁ ገጠመ። እጇ ዳነ፤ ግን ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፣ ስግደት የለም።

ከዓመታት በኋላ ያው ቅቤ የውጭ ስም ወጥቶለት፣ በሚያምር ቆርቆሮ ታሽጎ ከአዲስ አበባ መጣልኝ። ሺአ በተር ነው አሉ። የዩኒቨርሲቲ ልጃገረዶች ተሻሙበት። እኔም በሳቅኩበት አፌ፣ ከንፈሬን አሞጥሙጬ «ሺአ በተር» ማለት ጀመርኩ፤ ጉድ እኮ ነው! ለደረቀ ቆዳ፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝና ከንፈር ጥሩ ነው እላለሁ፤ ይሄ እንኳ እውነት ነበር። «ያቀላል?» ለሚሉትም አዎ እላለሁ፤ ይሄኛው ውሸት ነው።

እናቴ አንዱን ቆርቆሮ ከፍታ አሸተተችው። አወቀችው። ከዚያ ክዳኑ ላይ ያለውን ሥዕል በጣቷ ነካች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፍሬ ነው፤ ከሱ ነው የሚሠራው» አልኩ ሳላስበው።

«ፍሬ?» አለች። «ታዲያ ጾም ነበራ።»

ቆርቆሮዎቹን መደርደር ጀመርኩ።

«ታውቂ ነበር?»

ደንበኛ የገባ ይመስል ወደ በሩ ዞርኩ። እናቴ ቆርቆሮውን ከድና ቦታው መለሰችው፤ ነጠላዋን አስተካክላ ከበርጩማዋ ተነሳች።

«እዚህ ተቀምጬ ሰዉን ስትዋሺ ስሰማ ኖሬአለሁ» አለችኝ። «እኔም ደንበኛሽ መሆኔን ግን አላወቅኩም ነበር።»