ለጫልቱ ምክር ፍለጋ እስከ ናዝሬት

ከአዳሚ ቱሉ የተነሣሁት ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በኪሴ የገበሬ ማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት፣ በሆዴ ደግሞ ንዴት ይዤ ነበር። ያኔ የአዳሚ ቱሉ ክሊኒክ ጤና ረዳት እኔ ነበርኩ። የምሄደው ጫልቱ ስለምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሐኪም ለማማከር ነው። ከሐምሌ ጀምሮ እህል አልቀምስ ብላ፣ መናገርም ትታ፣ ጥቅምት ላይ ሰው ካልደገፋት የማትቆም ሆናለች። የትል መድኃኒት ሰጠኋት፤ ቫይታሚንም፣ የወባ ክኒንም ሞከርኩ። ሆስፒታል ይዣት ልሂድ ስል አባቷ ኦቦ ገመቹ «ልጄን የእብድ ስም አላሰጣትም» ብለው እምቢ አሉ።

ዝዋይ ላይ አውቶብሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተገተርን። የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በሚጥሚጣ በላሁ። ከመቂ ወዲያ አቧራው በመስኮት እየገባ ሁላችንንም አንድ መልክ አደረገን።

ሞጆ ኬላ ላይ ወረድን። ፈታሹ ወረቀቴን አገላብጦ፣

«ምን ልትሠራ ነው?» አለኝ።

«ስለታመመች ልጅ ሐኪም ላማክር።»

«ልጅቷስ?»

«ቤቷ ናት።»

«በሽተኛ ሳይኖር ምን ሕክምና አለ?» ብሎ ሻንጣዬን መሬት ላይ ዘረገፈው። ፈታሽ ነው፣ ከየት ያውቃል ብዬ ዕቃዬን ለቀምኩ።

ናዝሬት ስደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። በጋሪ ሆስፒታል ሄድኩ። የግቢው ግድግዳ ላይ አበባ የያዙ ሕፃናት ተሥለው፣ ከሥራቸው የነገው አብዮት ተረካቢዎች መሆናቸው በቀይ ቀለም ተጽፏል። ተረኛው ሐኪም ቀና እንኳ ሳይል «ታካሚዋን አምጣ» አለኝ።

«አባቷ አልፈቀዱም፤ እኔ የምፈልገው ምክር ነው።»

«ለምክር ካርድ አይወጣም።»

ደሜ ፈላ። ለሥዕል ቀለም ሞልቶ፣ ለአንዲት ልጅ የአምስት ደቂቃ ጆሮ ጠፋ! ጮኼ ወጣሁ። ጩኸቴን የሰሙ አንዲት ነርስ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ አግዳሚ ላይ ምሳቸውን እየበሉ ጠሩኝ። ሲስተር አልማዝ ይባላሉ፤ አዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማንን ለዓመታት አስታመዋል።

«በሐምሌ ቤታቸው ምን ደረሰ?» አሉኝ።

«የወንድሟ መርዶ መጣ። ሰሜን ዘምቶ ነበር።»

«ለእሷ ማን ነገራት?»

«ለልጅ መርዶ አይነገርም ሲስተር። ከዘመቻ ተመልሶ ወንጂ ሥራ ይዟል ተባለች። እኔም ስኳር ይዞልሽ ይመጣል ብያታለሁ።»

ጉርሻቸውን መለሱት። «ቤቱ ሙሉ እየተደበቀ ሲያለቅስ ልጅቷ የማታይ ይመስልሃል? ንገሯት። በቀን ብርሃን፣ ወላጆቿ ራሳቸው፣ ሞተ ብለው። ሩቅ ሄደ እንዳይሏት። ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ አስጀምራት፤ ባሰባት ግን አባትየው ወደዱም ጠሉም አምጣት። ሌላ ጊዜ ልጅ ሲቸግርህ በሾፌር ደብዳቤ ላክልኝ፣ እመልስልሃለሁ።»

በማግስቱ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ራሴን ስረግም መጣሁ። ሐኪሙንም፣ ኮርስ ያስተማሩኝንም ከእርግማኔ አላስቀረሁም። ስለ ልጅ ሆድ ብዙ አስተማሩኝ፤ ስለ ልጅ ኀዘን አንድ ቃል አልነገሩኝም። ግን ቤት የገባውን መርዶ እያወቅሁ ክኒን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ጉዞ ወዲህ የታመመ ልጅ ሲመጣልኝ ከሆዱ በፊት ስለ ቤቱ እጠይቃለሁ።

እንደደረስኩ በቀጥታ ኦቦ ገመቹ ቤት ሄድኩ።

«በልጅ ላይ መርዶ? ነውር ነው» አሉ።

«ነውሩ የእኔ ነው ኦቦ፤ ዋሽቻታለሁ። እባክዎ ይንገሯት።»

ሚስታቸውን ጠርተው አስገቡ። ከዚያ ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው በኦሮምኛ፣ ወንድሟ ጦርነት ላይ እንደሞተ ነገሯት። ጫልቱ አላለቀሰችም። ወደ እናቷ ዞረች። ከሐምሌ ወዲህ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እኔም ከእናንተ ጋር ላልቅስ?» አለች።