ሞጣ ሳንደርስ ያፏጨው ሞተር

ልጄ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የምትፈተነው ሞጣ ነበር። ባሌ ቢቸና ክሊኒክ ድሬሰር ስለነበር፣ የክሊኒኩ መኪና መድኃኒት ሊያመጣ ወደ ሞጣ ሲሄድ እንዲያሳፍረን ሾፌሩን ለመነልን። ፈተናው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሰኔ ገብቷል፤ ዝናብ ከጣለ መንገዱ አያሳልፍም። ከቢቸና ከተነሳን ጀምሮ ዓይኔ ሰማዩ ላይ ነበር።

መንገዱን አጋምሰን ዳገት ስንጀምር ግን ከሞተሩ በኩል «ስስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ወንድም ዓለም፣ መኪናው ያፏጫል» አልኩት።

ሾፌሩ ወሎዬ ነው፤ ቀልድ ይወዳል። «ደስ ብሎት ነው፣ እትዬ። ሞጣን ናፍቆ።»

ብዙም ሳንሄድ መኪናው ጉልበት አጣና ቆመ። ኮፈኑን ከፍቶ አስነሳው። ይነሳል፣ ብቻውን ይጮሃል፣ መልሶ ይጠፋል።

«አየር እየገባበት ነው። የት ጋ እንደሆነ ነው ያላወቅኩት» አለ፤ አሁን አልቀለደም።

«አረቄ ሳወጣ እንፋሎት የሚያመልጥበትን የማገኘው በእጄ ነው» አልኩት። እሱ ሞተሩ እንዳይጠፋ ከኮፈኑ ሥር በእጁ ነዳጅ እየሰጠ ያዘልኝ፤ እኔ መዳፌን ወደ ቱቦዎቹ አስጠጋሁ። ምንም አልተነፈሰብኝም።

«እትዬ፣ ይሄ እንደ አረቄ ማሰሮ አይደለም። ወደ ውስጥ ነው የሚስበው።»

የሚስብ ከሆነ ክርም ይስባል ብዬ አሰብኩ። መንገድ ላይ ጥጥ ስፈትል ነበር የመጣሁት። ባዘቶውን ሞተሩ እንዳይውጠው ፈራሁና ከእንዝርቱ ላይ ክር መዘዝኩ። ነጠላዬንም የሞተሩ ማራገቢያ እንዳይዝብኝ አውልቄ ለልጄ ሰጠኋት። ክሩን በየቱቦው አጠገብ አንጠለጠልኩ፤ በማራገቢያው ነፋስ ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ከካርቡራተሩ ሥር ወዳለው ቀጭን የጎማ ቱቦ ስደርስ ግን ጫፉ እጥፍ አለና ከቱቦው ሆድ ላይ ተለጠፈ። ሾፌሩ እዚያ ላይ በጣቱ ተጫነ። ፉጨቱ ቆመ። በታች በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ ተሰንጥቋል።

«በሊጥ እንምረገው» አልኩ። አረቄው ላይ የማደርገው እሱን ነው።

«ሊጡን ይበላና ወጥ አምጡ ይለናላ!»

ልጄ ሳቀች። በዚያ ቀን ስትስቅ ገና መጀመሪያዋ ነበር።

ሾፌሩ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቀጭን ቁራጭ ቀድዶ፣ እየወጠረ ቱቦው ላይ ጠመጠመው። ጫፍና ጫፉን በእኔ ክር ደጋግመን አሰርነው። እንሂድ ቢለኝም እሺ አላልኩም፤ ሞተሩን አስነስቶልኝ ክሩን እንደገና አንጠለጠልኩ። ቀጥ ብሎ ወረደ። ያኔ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ሞጣ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ግን ጆሮዬን ከሱ ላይ አላነሳሁም።

ጠዋት ልጄ ፈተናውን ከመፍራቷ ብዛት ቁርስ አልቀምስም ብላ ወጣች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ዞር አለችና «እማዬ፣ ሞተሩ አሁንም ጆሮሽ ላይ ያፏጫል?» አለችኝ።

«አሁን የሚጮኸው ያንቺ ሆድ ነው። ግቢ!» አልኳት። ገባች።