ሃያ ሁለት መሆን የነበረበት ችግኝ

ጠዋት ጠዋት ከሲሬ ከተማ መውጫ ላይ ችግኝ የሚሸጡት ሰዎች ውሃ ሲያጠጡ፣ በጥቁር ፕላስቲክ የታጨቀው አፈር የሚሰጠው ሽታ አለ። ዝናብም አይደል፣ ጭቃም አይደል። አሁን በዚያ በኩል ወደ ሥራ ሳልፍ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ነቀምቴ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አብራኝ የተቀመጠችው ልጅ ትመጣብኛለች። ምን እንደገጠማት ልንገርሽ።

የሂሳብ መምህራችን ሰው የማያምን ሰው ነበር። ፈተና ሲሰጥ ጎማ ጫማውን አድርጎ ድምፅ ሳያሰማ ከኋላ ይመጣል፤ መዳፋችንን ገልብጠን እንድናሳየው ያደርጋል። በኦሮምኛ ያስረዳና ያልገባው ካለ በአማርኛ ይደግመዋል። በሁለቱም ቋንቋ የማትቀር አንዲት ነገር ነበረችው፤ «ቁጥር አይዋሽም፤ የሚዋሸው ጻፊው ነው።»

ያን ሰሞን የቀጥታ መስመር እኩልታ እያስተማረን ነበር። «አንድ ችግኝ ሲተከል ይህን ያህል ቁመት ነበረው፣ በየሳምንቱ ይህን ያህል ቢያድግ፣ ከዚህን ያህል ሳምንት በኋላ ስንት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ሲደጋግምብን፣ እንዲህ በልክ የሚያድግ ዛፍ መጽሐፍ ውስጥ እንጂ የት አለ ብለን አጉረመረምን። በማግሥቱ የባሕር ዛፍ ችግኝ በጋሪ አስጭኖ መጣ። ለሁለት ሁለት ተማሪ አንድ አንድ አደለንና ከክፍሉ ጀርባ አስደረደረን። አርብ አርብ እንለካለን፤ እኩልታውን እናወጣለን፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ቁመቱ ስንት እንደሚሆን ቀድመን እንናገራለን። ውጤቱ ከማጠቃለያው ፈተና ጋር ይደመራል።

ለእኔ የደረሰችኝ ያቺ ልጅ ናት። ከጊዳ አያና ነው የመጣችው፤ ቤታቸው ከተቃጠለ በኋላ። ከአክስቷ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ስለምታቀላጥፈው የማን ወገን እንደሆነች ማንም መለየት አልቻለም። እሷም አልተናገረችም። በዚያ ጊዜ ደግሞ ይህን አለመናገር ራሱ ያስጠረጥር ነበር። እናቴ ሱቃችን በር ላይ አብረን ቆመን አይታን፣ ማታ «ከዚያች ልጅ ጋር ብዙ አታውሪ፤ ማን እንደሆነች አናውቅም» አለችኝ።

መለካቱን ለእኔ አትተውልኝም ነበር። ተንበርክካ ማስመሪያውን ከግንዱ ጋር አስጠግታ፣ ትንፋሿን ይዛ ታነባለች። ችግኛችን ሲጀምር አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነበር፤ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየጨመረ በሦስተኛው ሳምንት አሥራ ስምንት ደረሰ። መስመሩ ልክ እንደ መጽሐፉ ቀጥ ያለ ነበር።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ፤ ከከተማው ዳር ተኩስ ተሰማ ተባለና ትምህርት ተቋረጠ። በአምስተኛው ሳምንት ስንመለስ ችግኙ ሃያ ሁለት መሆን ነበረበት። ለካችው፤ ደግማ ለካችው። ሃያ ዘጠኝ።

«ይሄ የእኛ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «የእኛው ከሥሩ ጠመም ያለ ነበር።»

«ታዲያ ማን ቀየረው?»

ዙሪያዋን አየች። ከጎናችን የሚለኩት ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተውናል። «ዝም በዪ» አለችኝ። ሃያ ዘጠኝ ብላ ጻፈች።

«ሃያ ሁለት ብለሽ ጻፊው፤ ማን ያውቃል?» አልኳት።

«ሃያ ሁለት ብዬ ብጽፍ ቁመቱን አይተው ሌባ ይሉኛል፤ ሃያ ዘጠኝ ብጽፍም ሌባ ይሉኛል። ካልቀረ ያየሁትን ልጻፍ።»

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሥራችንን የምናቀርብበት ቀን ደረሰ። የሁሉም መስመር ቀጥ ብሎ ወጣ። እሷ ሰሌዳው ላይ ያሰመረችው የእኛ መስመር ግን መሐል ላይ ዘለለ። ክፍሉ አጉተመተመ። ከኋላ አንዱ ተነሳና «ባርሲሳ፣ የሰው ችግኝ ሰርቃ ነው» አለ። ባርሲሳ ማለት መምህር ነው፤ አንዳንዶቻችን እንደዚያ ነበር የምንጠራው። «የማን ጠፋ?» ብዬ ጠየቅሁ። ማንም የእኔ ጠፋ አላለም። ግን ማጉተምተሙ አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰ።

እሷ ጠመኔውን እንደያዘች ወደ ሰሌዳው ዞራ ቆማለች። ጆሮዋ ቀልቷል። መምህሩ መዳፍሽን ገልብጪ የሚላት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከወንበሩ ሳይነሳ፣

«ቁጥሯ ልክ ነው» አለ። «የቀየርኩት እኔ ነኝ።»



«ትምህርት በተዘጋበት ሰሞን ፍየል በአጥሩ ገብታ የዳሩን ችግኝ በላችው። ዳር ላይ የነበረው የእሷ ነው። ለእሷ ደግሞ… ሌላም ነገር ጠፋብሽ ማለት ከበደኝ። ከጓሮዬ የሚመስለውን አምጥቼ ተካሁ። በዓይን ነው የገመትኩት።» «መለካት ነበረብኝ» አለ።

አንዳንዶች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ዞራ አየችው።

«የበላችው ፍየል ናት?»

«አዎ፣ ኢንተላኮ» አላት። ልጄ ማለቱ ነው፤ ማንንም እንደዚያ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም።

«በዓይንዎ አይተዋል?»

«እያኘከች ነው ያባረርኳት።»

ልጅቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እኔ ሰው የነቀለው መስሎኝ ነበር» አለች።

ይህን ስትል ማንም አልሳቀም። ሌባ ናት ያለው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

እሷ ወደ ሰሌዳው ተመለሰችና ሁለተኛ እኩልታ ጻፈች። አዲሱ ችግኝ በሳምንት ሦስት ሦስት እየጨመረ ስለነበር፣ መነሻውን ሃያ ዘጠኝ አድርጋ አሰላችውና በሴሚስተሩ መጨረሻ ሃምሳ ይሆናል አለች። መምህሩም «እናያለን» አላት።

መጨረሻውን ግን አላየችውም። ፈተና ሊደርስ ሲል አንድ ሰኞ ቀረች፤ ማክሰኞም አልመጣችም። የመጨረሻውን አርብ ብቻዬን ተንበርክኬ ለካሁ። ሃምሳ ሊሞላ የጥፍር ውፍረት ያህል ነው የቀረው። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ተከራዩበት ግቢ ሄድኩ። አከራይዋ በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን አወጣች።

«ወጥተዋል። ወደ ቢላ ከተማ ይሁን ወዴት እኔ አላውቅም። ምን ፈለግሽባት?»

«ቁጥር ልነግራት ነበር» አልኳት።

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «የምን ቁጥር?» አለች፤ መልሴን ሳትጠብቅም በሩን ዘጋችው።